ለማጅ ጎማ

ልጄ ፊቱን ሲላጭ በስልክ የማውራት ልማድ አለው። ስልኩን መስተዋቱ ሥር ያቆመውና ግማሽ ፊቱን በአረፋ እንደሸፈነ ከእህቱ ጋር ይከራከራል። ያን ቀን ጠዋት እኔ የታጠፈ ፎጣ ይዤ በኮሪደሩ አልፍ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። «ዛሬ አዲሱን ጎማ ቀስ እያለች ታለማምድልኝ፤ ደስ ይላታል» ይላል። «ዝግ ብሎ መንዳት ስለሆነ አደጋ የለውም። መሰናበቻዋ ይሁን። ማታ ቁልፎቹን እቀበላታለሁ፤ የሷን መኪና ደግሞ የገዛው ሰውዬ ነገ መጥቶ ይወስዳል።» እህቱ የመለሰችለትን አልሰማሁም፤ ውኃው ተከፈተ። ፎጣውን እንደታቀፍኩ ወደ ክፍሌ ተመለስኩና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለኔ ነው። የዚያን ዕለት ዋዜማ፣ እራት ላይ «እማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» ብሎ ሲጀምር እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጠዋት መኪናው ላይ የሚገጠሙት ጎማዎች እስኪላመዱ ድረስ በዝግታ መነዳት አለባቸው፤ እሱ ጊዜ የለውም፣ ትዕግሥት ደግሞ ከናካቴው አልተፈጠረበትም። «ካንቺ ሌላ ማንን አምናለሁ?» አለኝ። ያቺን ቃል ታቅፌ ነው የተኛሁት። ሰማያዊ ኮቴን ተኩሼ ወንበር ላይ ሰቅዬ ነበር፣ እንደ ሥራ ዘመኔ። እኔ የከተማ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባሌን ቀብሬ ሁለት ልጅ ያስተማርኩት በዚያ መሪ ነው። ጡረታ ስወጣ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ገዛሁ፤ ገበያ የምወጣባት፣ ሐኪም ቤት የምሄድባት፣ ጓደኞቼ ዘንድ የምውልባት እሷ ናት፤ ማንንም «አድርሱኝ» ብዬ አላውቅም። ባለፈው ወር ከግቢያችን በር ምሰሶ ጋር ትንሽ ተሳሳምን። ጭረቷ አንድ ጣት አትሞላም፤ ልጆቼ ግን በዚያች ጭረት አሾልከው እርጅናዬን አዩ። ከዚያ ወዲህ ስወጣ «ወዴት ነው?»፣ ስገባ «ደህና ገባሽ?» ሆነ። ቁልፌን ቢወስዱብኝ ምን እንደምሆን አውቃለሁ። መስኮት ሥር ተቀምጬ የሚወስደኝ ሰው እስኪመቸው የምጠብቅ አሮጊት እሆናለሁ።

ቁርስ ላይ ምንም አልተናገርኩም። ምራቴ ሻይ ቀዳችልኝ፤ ልጄ ዳቦውን እየቆረሰ ስልኩን ያያል። እኔን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ልጅ ሳለ ብርጭቆ ሰብሮ ስብርባሪውን ሲደብቅም እንዲሁ ነበር፤ የጠረጴዛ ልብሱን አበባ የሚያጠና ይመስል አቀርቅሮ ነው የሚበላው። «እማማ፣ ዛሬ አምሮብዎታል» አለችኝ ምራቴ። «ሥራ አለብኛ!» አልኳት። ልጄን ሻዩ ትን አለው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ለምን ዝም አልሽ የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው፤ መሰናበቻዬም ቢሆን የልጄን መኪና መንዳት ፈልጌ ነበር። ደግሞ እኔ ለምኜ አላውቅም። መጀመሪያ ልንዳ፣ ከዚያ ያየነውን እናያለን አልኩ በሆዴ።

ስለ ልጄ መኪና ልንገራችሁ። ቁመቷ ከወገቤ አያልፍም። ሁለት በር ብቻ ነው ያላት፤ ከኋላ አለኝ የምትለው ወንበር ለሰው ይሁን ለቦርሳ ሠሪዎቿም የወሰኑ አይመስለኝም። ሞተሯ ሲነሳ የግቢው ቆርቆሮ በር ይንቀጠቀጣል፣ የጎረቤት ውሻ ይጮኻል፣ ልጄ ደግሞ ፈገግ ይላል። በዓለም ላይ የሚያስፈግገው ነገር እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው መኪና ጎማ ይበላል። አራቱ አዲስ ጎማዎች የወጣባቸው ገንዘብ የኔን ነጭ መኪና ከነነፍሷ ይገዛል፤ ዋጋውን ስሰማ ቁጭ ብዬ ነበርና ቁጭ ማለቴ በጀኝ።

ጎሚስታው ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። አሮጌ ጎማ በሁለት በኩል እንደ አጥር ተደርድሯል፤ መሐሉ በሳሙና ውኃ የራሰ ሲሚንቶ ነው። ጎሚስታው አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ልጄ ውጪ ቆሞ ከቢሮው ጋር በስልክ ሲያወራ፣ እሱ የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቆ እጁን ጠረገና ወደ እኔ መጣ። «እናቴ፣ እርስዎ ነዎት የሚያለማምዷቸው?» አለኝ። «እኔ ነኝ፤ ምነው፣ አነስኩባቸው?» አልኩት። ሳቀና አዲሱን ጎማ በመዳፌ እንድዳብስ ጋበዘኝ። ሰም የተቀባ ይመስል ያንሸራትታል። ጎማው ሲሠራ ከቅርጹ እንዲላቀቅ የሚቀባው ነገር ላዩ ላይ እንደሚቀር፣ እሱ እስኪፋቅ ድረስ አስፋልቱን ደህና አድርጎ እንደማይጨብጥ ነገረኝ። «እኔም ደግሞ ቸርኬው ላይ ስከተው ሳሙና ቀብቻለሁ። እሱ ሳይደርቅ ነዳጁን በኃይል ከረገጡት ቸርኬው ጎማውን ትቶ ለብቻው ይዞራል። ድንገተኛ ፍሬን የለም፣ ድንገተኛ መታጠፍ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።»

«በቃ ይኸው ነው?» አልኩት።

«ይኸው ነው። መኪናው ውስጥ ሰው ቆሞ እንዳለ አድርገው ይንዱልኝ።»

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ልጄ ከስልኩ ላይ ቀና ብሎ «ምንድን ነው?» አለ፤ ምንም አልኩት። ሰው ቆሞ እንዳለ አድርገሽ ንጂ! ዕድሜዬን የፈጀሁበት ምን ሆነና! አውቶቡስ ድርጅቱ ውስጥ አዲስ ሹፌር የሚፈትኑ አንድ ተቆጣጣሪ ነበሩ። መሐል ላይ ይቆሙና ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። አንድ እጃቸው ወጥቶ ብረት ከያዘ ሹፌሩ ወደቀ። ስንቱን ጎረምሳ በዚያች ኪስ ጥለውታል። እኔን ሲፈትኑ ከተማውን ዞረን እስክንመለስ እጃቸውን ያወጡት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ስንጨርስ ሊጨብጡኝ። ሹፌሮቹ ሁሉ ቆመው ያዩ ነበር። ተሳፋሪ ደግሞ ስም ለማውጣት ማን ይቀድመዋል፣ ዓመት ሳይሞላ «እርጎ» አሉኝ፤ ረግታ የምትሄድ ለማለት ነው። እናት አባቴ ባወጡልኝ ስም የሚጠራኝ ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነበር።

ልጄ ታክሲ ሊይዝ ሲል «አደራ እማ፣ ቀስ» አለኝ። «አንተም ቀስ» አልኩት፤ ሌላ ሊል ፈልጎ ተወው። መኪናዋ ውስጥ መግባት እንደ መቀመጥ ሳይሆን እንደ መተኛት ነው፤ እግር ወደፊት ይዘረጋል፣ ወገብ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። እኔ ደግሞ ከላይ ሆኜ የሰውን ጣሪያ እያየሁ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ ኮረብታ ሥር የገባሁ መሰለኝ። ነዳጁን በአውራ ጣቴ ያህል ስነካት ግን ያ ሁሉ ጉልበት ከእግሬ ሥር ቀስ ብሎ ሲነሳ ተሰማኝ፤ እውነት ለመናገር አማረኝ። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ብረግጠው ምን ይላል? አልረገጥኩትም። እግርን መያዝ የሚያኮራው እኮ መርገጥ የሚችሉት ነገር ሥሩ ሲኖር ነው።

ዋናው መንገድ ላይ እስክወጣ ድረስ ሰላም ነበር። ከዚያ በኋላ የከተማው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እንዲህ ያለ መኪና እያጓራ ሽው ሲል ነው የሚያውቁት፤ ቆሻሻ የጫነ መኪና አልፎት ሲሄድ አይተው አያውቁም። ጎረምሶች በመስኮት ወጥተው በስልካቸው ያነሱኛል። አንዱ «እማማ፣ ሞተሩ ታሟል?» ይላል። የሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «እማማ! እየነዳሽው ነው እየገፋሽው?» ብሎ ጮኸ፤ ተሳፋሪዎቹ ተንከተከቱ። «አንተን ላሳልፍ ብዬ ነው፤ መንገዱ ያላንተ ያምራል!» አልኩት። ኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ያንጣጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር፤ ልጄማ እዚያው ይቀልጥ ነበር። እኔ ግን ኮቴን አስተካክዬ ቀና አልኩ። ጎማዎቹ ሥሬ እንደ ለማጅ ተማሪ ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ መሪው ላይ የሚመጣው ስሜት የተድበሰበሰ ነበር፣ ቆይቶ መንገዱን መናገር ጀመሩ። ድንጋዩን ድንጋይ፣ ስንጥቁን ስንጥቅ እያሉ ነገሩኝ።

የድሮ መስመሬን አውቄ ነው የመረጥኩት። የማታውቂው ጎማ የምታውቂውን መንገድ ይፈልጋል፤ እያንዳንዷን ጉድጓድ በስሟ አውቃታለሁ። በአደባባዩ ዞሬ፣ የትምህርት ቤቱን ግንብ ታክኬ፣ ወደ ሆስፒታሉ ወረድኩ። ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ፌርማታ አለ። የሆነውን ልክ እንደሆነው እነግራችኋለሁ። መስተዋት አየሁ፣ ፍሬቻ አበራሁ፣ እግሬን ከነዳጁ አነሳሁና ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ክንድ ራቅ ብዬ ጥግ ያዝኩ፤ በሩ ከሰልፉ ራስ ትይዩ ልክክ አለ። ከዚያ ቀኝ እጄ የበሩን መክፈቻ ፍለጋ ወደ ዳሽቦርዱ ሄደች። እዚያ ያገኘችው የሬዲዮኑን ነበርና ዘፈን አምባረቀ።

ያኔ ነው የነቃሁት። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ብዬ ልስቅ ፈለግሁ፤ ግን ሬዲዮኑን አጥፍቼ መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ልጆቼ የሚሉት ይህ ነው እንዴ? እንዲህ ነው የሚጀምረው? የት እንዳለሁ ራሴን ጠየቅሁ፤ አውቃለሁ። መኪናው የማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቀኑን አውቃለሁ፣ የልጅ ልጄን ልደት እንኳ አውቃለሁ። የረሳሁት ነገር የለም፤ እጄ ነው ያልረሳው። ሰልፍ ላይ ያሉት ሰዎች ይህ የሚያብለጨልጭ መኪና ምን ሊል ነው ብለው አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ከኋላዬ እውነተኛው አውቶቡስ መጥቶ ቦታውን እንድለቅለት ክላክሱን ነፋ። ልንቀሳቀስ ስል ከሰልፉ ራስ ላይ አንዲት ጎበጥ ያለች ሴትዮ ዝቅ ብላ በመስኮቱ አየችኝ። የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ናት፤ ስንት ዓመት ሙሉ ከኔ ጀርባ ያለችው ወንበር የሷ ነበረች።

«እርጎ!» አለች። «አንቺ ነሽ? አውቶቡሱን ምን አሳነሰው?»

«አረጀ፤ እንደኛው ኮሰሰ» አልኳት። ግቢ እስክላት አልጠበቀችም፤ በሩን ከፍታ ከነዘንቢሏ ገባች። ከኋላዋ የነበረው ልብስ ሰፊ፣ እሱም የጥንት ደንበኛዬ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ኮት ከፍ አድርጎ ይዞ «እኔስ?» አለ። «ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ!» የሚለው ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ። እሱን ከኋላ አጣጥፈን ከተትነው፤ ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ተገናኘ። መንገዱን ሁሉ ከሳቅ አላረፍንም። እሷ ወንበሩን እየዳበሰች «ይኼስ ከኔ አልጋ ይሻላል» ትላለች፤ እሱ ኮቱ እንዳይጨማደድ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ምንም መደገፊያ ሳይዝ ተቀምጧል፤ አንድም ጊዜ አልተንገዳገደም። ሲወርዱ ሒሳብ ካልከፈልን ብለው ገገሙ። «ጡረታ ላይ ያለ አውቶቡስ አያስከፍልም» ብዬ መለስኳቸው። ሴትዮዋ በሩን ከመዝጋቷ በፊት «አሁን ያሉት ልጆች እኮ እንደ ድንች ነው የሚያንከባልሉን» አለችኝ። ያቺን ይዤ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ነዳሁ።

መጨረሻው ፌርማታ ሰፊ ሜዳ ነው። መኪናዋን ጥላ ሥር አቁሜ ሞተሩን አጠፋሁና ጎማዎቹን ዞሬ ዳበስኳቸው። ለብ ብለዋል። ያ የሰም ነገር ተገፏል፤ መሐላቸው ላይ የነበሩት ቀጫጭን የጎማ ፀጉሮች ተላጭተው ላያቸው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሻከር ብሏል። በአራቱም ላይ እኩል! አንዱ ከሌላው አልበለጠም። ሰው ባይኖርም እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩና ሥራዬን አየሁ። ከዚያ ከኋላ ወንበር ያለውን ቦርሳዬን ስከፍት ስልኬ በልጄ ጥሪ ተሞልቷል። እኔ ስነዳ ስልክ አላነሳም። ደውዬ ያለሁበትን ነገርኩት፤ «እዚያው ሁኚ፣ እንዳትንቀሳቀሺ» ብሎ ዘጋው። እንደ ጠፋ ሕፃን።

በታክሲ መጣ። ክራቫቱ ተጣሟል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ሥራው ይዞት ሌሊት እንኳ ደህና እንደማይተኛ ምራቴ ነግራኛለች። የቢሮ ባልደረባው ፌርማታው አጠገብ ሲያልፍ አይቶን ኖሮ «መኪናህን ታክሲ አስገባሃት እንዴ?» ብሎ አፌዞበታል። ልጄ ፊቴ ቆመ፤ መጮህ ፈልጎ ያልቻለ ይመስላል።

«እማ፣ ፌርማታ ላይ ቆመሽ ሰው ጫንሽ?»

«ጫንኩ።»

«አውቶቡሱን የያዝሽ መስሎሽ ነው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። አዘንኩላቸውና ቆምኩ ብል ማን ይመሰክርብኛል? ግን ቁልፌን በውሸት ይዤ መኖር አልፈለግሁም። «የቆመችው እጄ ናት፤ ለምዳ ነው» አልኩት። «ሰዎቹን የጫንኳቸው ግን እኔ ነኝ፤ አውቄ፣ ወድጄ።»

ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ቁጣ ሳይሆን ሐዘን መጣ፤ እሱ ደግሞ ከቁጣው ይብሳል። እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን ስጪኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«ጠዋት ስትላጭ ሰምቼሃለሁ» አልኩት።

የተዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ። አንዲት ወፍ ከላያችን ዛፉ ላይ ስትንጫጫ፣ አንድ አውቶቡስ ገብቶ ሰው ሲያራግፍ፣ እኛ ሁለታችን እንደ ጠበኛ ጎረቤት ቆምን። ከኔ ሆድ የወጣ ልጅ ነው፤ ክፋት እንደሌለው አውቃለሁ፤ ፍርሃት ግን አለው፣ ፍርሃቱን ደግሞ እኔ ጀርባ ሊያሳርፈው ነው። «እቀበላታለሁ ያልከው ማታ ነው» አልኩት። «ገና አልመሸም። ጎማህም ገና ይቀረዋል። ግባ።» ገባ። ለመከራከር የደከመው መሰለኝ።

ልጄ ሰው ሲነዳው አይወድም። ማንም ቢነዳ፣ ሚስቱም ብትሆን፣ የበሩን እጀታ ጨብጦ፣ እሱ በኩል የሌለውን ፍሬን በእግሩ እየረገጠ ነው የሚሄደው። እኔንም አልማረኝም። የመጀመሪያው መብራት ላይ እግሩ ወለሉን ረገጠ። ሁለተኛው ላይም። እኔ ቀዩ መብራት ገና ከሩቅ ሲታይ እግሬን አነሳለሁ፣ መኪናዋ በራሷ ጊዜ እየለዘበች ትሄዳለች፣ ፍሬኗን የምነካት ለስንብት ያህል ነው። ስለ ባልደረባው ፌዝ ትንሽ አጉረመረመ። ስለ ገዢው ሰውዬ ሊያስረዳኝ ጀመረና መሐል ላይ ተወው። የቀለበት መንገዱን ስንይዝ ዝም እንዳለ ታወቀኝ። አየት አደረግሁት። የበሩን እጀታ የያዘው እጁ ተፈትቶ ጭኑ ላይ ወድቋል። ራሱ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል። ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዶታል።

ቤታችን መታጠፊያ ጋ ስደርስ ፍሬቻ አላበራሁም። አለፍኩት። ከተማዋን በዙሪያዋ ይዤው ዞርኩ፤ ዳገቱን ሳይሰማው ወጣን፣ ቁልቁለቱን ሳይሰማው ወረድን፤ ከጎኔ የሚያልፈው ሁሉ ክላክሱን ሲያንጣጣ «ዝም በሉ፣ ሰው ተኝቷል» አልኩ በልቤ። ያ ጉረኛ ሞተር ሥሬ እንደ ድመት ያንኮራፋል። ደረቴ በኩራት ሊፈነዳ ነበር። የምነግረው ሰው አልነበረኝም፣ አላስፈለገኝምም።

ሁለተኛውን ዙር ስንጋመስ ስልክ ጮኸ። የልጄ ስልክ ከመኪናዋ ጋር የተጋባ ነው ለካ፤ ጥሪው ከኪሱ ሳይሆን ከበሩም ከጣሪያውም መጣ። ልጄ ብንን ብሎ ነቃና ሳያየው የሆነ ነገር ነካ፤ የሴት ልጄ ድምፅ መኪናውን ሞላው።

«እህስ? ነገርካት? ቁልፎቹን ተቀበልካት?»

ልጄ ዓይኑን አሻሸ። መንገዱን አየ፣ ያዘቀዘቀችውን ፀሐይ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ወደፊት ነው የማየው።

«አልተቀበልኳትም» አለ።

«ለምን? አሁንም ፈርተሃት ነው?»

«ተኝቼ ነበር።»

«የት ተኝተህ?»

«መኪና ውስጥ። እሷ እየነዳች።»

«አንተ? እሷ እየነዳች?» አለች እህቱ። ወንድሟን እንደኔው ታውቀዋለች፤ ይህ ሰው ከሌላ ሰው መሪ አጠገብ ዓይኑን ከድኖ አያውቅም። ልጄ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። «ሰውየውን ነገ አትምጣ በዪው» አላት። «የምትሸጥ መኪና የለችም።»

«እማ አጠገብህ ናት እንዴ?» አለች ድምፅዋን ቀንሳ። «እየሰማችን ነው?»

እኔ ነኝ የመለስኩላት።

«ልጄ፣ መሪ ላይ ነኝ» አልኳት። «ቤት ስገባ እደውልልሻለሁ።»